ቾክ ሲሳብ የሚሠራ፣ ሲመለስ የሚጠፋ ጄኔሬተር፦ ፋሻ ከማስቀየርህ በፊት ቤንዚኑን እየው

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። ጅማ፣ ጂሬን አካባቢ ነው የምኖረው። ከቤታችን ጓሮ በርጩማና አልጋ የምሠራባት ትንሽ ወርክሾፕ አለችኝ። መብራት ሲጠፋ የምጠቀምበት 2.5 ኪሎዋት የሚል የተጻፈበት የቤንዚን ጄኔሬተር አለኝ፣ ሞተሩ 6.5 የፈረስ ጉልበት ነው። ከሰኔ ጀምሮ ሳላስነሳው ቆሞ ከረመ። አሁን ቾኩን ስስበው ይነሳል፣ ስመልሰው ይጠፋል። ግማሽ ላይ ከያዝኩት ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። 1.5 ኪሎዋት የሆነችውን መላጊያ ማሽን ስሰካበት ደግሞ ጭራሽ ይታፈናል። አንድ ሜካኒክ አይቶት ‹ፋሻው አልቋል፣ ይፈታና ፋሻና ፒስተን ይቀየር› አለኝ። ልቀይር?»

ሰላም ወንድሜ። አትቀይር። ቢያንስ ዛሬ አትቀይር። የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ የነገርከኝ ምልክት የፋሻ፣ ማለትም በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች፣ ምልክት አይደለም። የነዳጅ ምልክት ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳህ፣ ከዚያ በእጅህ ምን እንደምታደርግ እነግርሃለሁ። አብዛኛውን ራስህ ትሠራዋለህ፣ ከዋንዛ ግንድ በርጩማ የሚያወጣ እጅ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡሬተር አይከብደውም።

ቾክ ማለት የአየር መግቢያውን የምትዘጋ ትንሽ ክዳን ናት። ስትስባት አየሩ ይቀንሳል፣ ሞተሩ በዚያው ጉልበት ቤንዚን ይስባል። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለአንድ ግራም ወደ 15 ግራም የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። ያንተ ሞተር ቾክ ተስቦ ከሠራ፣ ቾክ ሲመለስ ከጠፋ፣ የሚለው ነገር አንድ ነው፦ ቤንዚን አነሰኝ። አየሩን ስትቀንስለት ያነሰው ቤንዚን ይመጣጠንለታል። አየሩን ስትለቅበት ደግሞ ቤንዚኑ አይበቃውም፣ ይሞታል። ከፍ ዝቅ የሚለው ድምፅም ከዚሁ ነው። ነዳጅ ሲያንሰው ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ፍጥነት ጠባቂው ገቨርነር ያንን ያይና የካርቡሬተሩን ጉሮሮ ይከፍትለታል፣ ሞተሩ ይወጣል፣ ገቨርነሩ መልሶ ይዘጋል፣ እንደገና ይወርዳል። ገቨርነሩ ሥራውን እየሠራ ነው፣ እሱን አትንካ።

ፋሻ ያለቀበት ሞተር ሌላ ጠባይ ነው ያለው። ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫው ማለቴ ነው፣ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ዘይት ይበላል፣ ዛሬ ሞልተህ ከጥቂት ቀን በኋላ ጎድሎ ታገኘዋለህ። እሳት የሚጭረው ካንዴላ በዘይት ይረጥባል። ቾክ ሳብክ አልሳብክ ብዙም ለውጥ የለውም፣ ምክንያቱም ያጣው ነዳጅ ሳይሆን እመቃ፣ ማለትም ውስጡ የገባውን አየርና ቤንዚን አፍኖ የመጭመቅ ጉልበት ነው። ያንተው ግን ቾክ ላይ ሆኖ ይነሳል፣ ይሠራልም። እመቃው የሞተ ሞተር እንዲህ አይታዘዝም። አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ብዙ ሰው ገመዱን ስቦ «ቀለለኝ፣ እመቃ የለውም» ይላል። የዚህ ዓይነት ሞተሮች በአብዛኛው ለማስነሳት እንዲቀል ተብሎ ቫልቩን በትንሹ የምትከፍት ዘዴ ውስጣቸው አለች፣ ስለዚህ ገመዱ ቀለለ ብሎ መፍረድ አይቻልም። ምናልባት ሜካኒክህንም ያሳሳተው ይሄ ነው፣ ክፉ አስቦ ነው አልልም።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ እኔም ስለበደልኩበት ነው። ከዓመታት በፊት ከአጋሮ በኩል የቡና መፈልፈያ የሚያዞር ሞተር መጣልኝ፣ ልክ እንዳንተው እየጠፋ ያስቸገረ። ቡናው ተለቅሞ ቆሞ ነበር፣ ሰውየው ተጨንቋል። ፈታሁት፣ ፋሻ ቀየርኩ፣ ጓርኒሲዮን የሚባለውን የመገጣጠሚያ ማሸጊያ ቀየርኩ፣ ሁለት ቀን ፈጀሁ። ገጥሜ ሳስነሳው በዚያው መንገድ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ነው የካርቡሬተሩን ታችኛ ብሎን የፈታሁት፣ የወጣው ግማሹ ውሃ ነበር። የሰውየው ቡና በሁለት ቀን ውስጥ ምን እንደሆነ ቡና የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቆመ የቤንዚን ሞተር ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማነሳው ብርጭቆ ነው።

ስለዚህ አንተም ከብርጭቆ ጀምር። ጥርት ያለ፣ ለመጠጥ የማትመልሰው ብርጭቆ ወይም አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ ይሁን። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ከቤት ውጭ አውጣው፣ አጠገብህ ሲጋራም የቡና ከሰልም አይኑር። የነዳጁን መዝጊያ ዝጋ። ካርቡሬተሩ ታች ላይ እንደ ትንሽ ሳህን የሆነ የብረት ጎድጓዳ አለ፣ ከሥሩ ወይም ከጎኑ ብሎን ታያለህ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቁልፍ ይፈታል። ብርጭቆውን ከሥሩ ያዝና ብሎኑን አላላው። የወጣውን ጥላ ሥር አስቀምጠህ አምስት ደቂቃ ታገሥ። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ውሃው ታች ይተኛል፣ ቤንዚኑ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መሃላቸው ላይ እንደ ክር የጠራ መስመር ይታይሃል። ብርጭቆውን ዘንበል ስታደርገው ከታች እንደ ዶቃ የሚንከባለል ነገር ካለ ውሃ ነው። ቡናማ ዱቄት ካለ የታንከር ዝገት ነው። ቀለሙ ወደ ሻይ ካደላ፣ ሽታው ደግሞ እንደ ድሮው ቤንዚን አፍንጫ የማይወጋና ቀለም ቀለም የሚል ከሆነ ቤንዚኑ አርጅቷል።

ቤንዚን ያረጃል ወይ ካልከኝ፣ አዎ። ቀላሉ ክፍሉ እየተነነ ይሄዳል፣ የቀረው እየወፈረ እንደ ቫርኒሽ ይጣበቃል። አንተ ቫርኒሽ ታውቃለህ፣ ክዳኑ ሳይዘጋ የከረመ ጣሳ ምን እንደሚመስል አስበው። በካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ቤንዚን ጥቂት ስለሆነ ከታንከሩ ይልቅ ፈጥኖ ይበላሻል፣ ከአንድ ከሁለት ወር በኋላ ማስቸገር ሊጀምር ይችላል። ያንተ አራት ወር ቆሟል። በዚያ ላይ የጅማ ክረምት። ታንከሩ ግማሽ ሆኖ ከቆመ የቀረው ግማሽ አየር ነው፣ እርጥብ አየር፣ ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በታንከሩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ጤዛው ይንጠባጠብና ታች ይጠራቀማል። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ገዝተህ ከሆነ ደግሞ ውሃውም ሌላውም ከዚያው መጥቶ ሊሆን ይችላል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ስንት ካንዴላ እንዳጠቆረብኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

እዚህ ላይ አንድ የጅማ ነገር ልንገርህ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ለቆላ ተስተካክሎ የተሠራ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም። ጅማ ላይ ጤነኛ ሞተር ትንሽ ማጥቆር ነው ልማዱ። እዚህ ሆኖ «ቤንዚን አነሰኝ» የሚል ሞተር ካየህ እንግዲህ የሆነ ቦታ እውነተኛ መዘጋት አለ ማለት ነው፣ ወይ ደግሞ ከካርቡሬተሩ ኋላ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ።

ታንከሩን ሙሉ በሙሉ አፍስሰው። አሮጌውን ቤንዚን መልሰህ አትጨምር፣ ወደ አዌቱ ወንዝም አትድፋው። አዲስ ቤንዚን ከማደያ፣ ሁለት ሊትር ይበቃሃል፣ በጥሩ ጨርቅ ወይም ወንፊት ባለው ማጥለያ አጥልለህ ጨምር። ከዚያ በፊት ግን ከነዳጁ መዝጊያ ሥር ያለችውን ትንሽ ማጥለያ ፈትተህ እጠብ፣ በብዙ ሞተሮች ላይ እንደ ትንሽ ኩባያ ሆና ታገኛታለህ። አሁን ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ጎማ ነቅለህ ጫፉን ወደ እቃ አድርግና መዝጊያውን ክፈት። ቤንዚኑ ያለማቋረጥ ሊወርድ ይገባል። ጠብ ጠብ ካለ መንገዱ ላይ የተዘጋ አለ። መጀመሪያ ላይ ወርዶ ቆይቶ ከቆመ የታንከሩን ክዳን አላላው፣ «ሽሽ» ብሎ አየር ከሳበና መውረድ ከጀመረ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። የእንጨት ብናኝ ባለበት ቤት ይሄ ብዙ ያጋጥማል።

ንጹሕ ቤንዚን ገብቶም ካልተስተካከለ ካርቡሬተሩ ይውረድ። አትፍራው። ከመንካትህ በፊት ግን ስልክህን አውጣና ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሳው፣ በተለይ ቀጭኖቹ ስፕሪንጎችና ዘንጎች የትኛው ቀዳዳ ውስጥ እንደገቡ። ስፕሪንጓን እንዳትስብ፣ ከተሳበች አትመለስም፣ ፍጥነቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። የአየር ፊልትሮው ቤት ይወርዳል፣ ካርቡሬተሩ ከሁለቱ ረጅም ብሎኖች ላይ ይንሸራተታል። በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ጥቁር ውፍረት ያለው ማገጃ አለ፣ በግራም በቀኝም ወረቀት ጓርኒሲዮን አለው። ቅደም ተከተላቸውንና አቅጣጫቸውን ያዝ፣ ቀዳዳቸው የሚገጥመው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ከእነዚህ ወረቀቶች አንዱ ከተቀደደ አየር ይገባል፣ አየር ከገባ አሁን ያለህ በሽታ ይመለሳል። የተቀደደውን በማስቲሽ ለመድፈን አትሞክር፣ አዲስ ግዛ፣ ርካሽ ነው።

ጎድጓዳውን ስታወርድ ተንሳፋፊውን ታያለህ፣ ከሱ ሥር እንደ እርሳስ ጫፍ የሾለች መርፌ አለች። መርፌዋ እንዳትጠፋ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ሥራ። መሃል ላይ ባለው ቱቦ ውስጥ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ የሚፈታ ቀዳዳ ያለው የናስ ብሎን አለ፣ ዋናው ጄት ይሄ ነው። ሥራ ላይ ሞተሩን የሚመግበው እሱ ነው። ከላይ በኩል ደግሞ፣ ከፍጥነት ማስተካከያዋ ብሎን አጠገብ ወይም ከሥሯ፣ ሌላ ትንሽ ጄት አለች፣ የዝቅተኛ ፍጥነቷ። ሚስጥሩ ብዙ ጊዜ እሷ ጋ ነው። የቀዳዳዋ ስፋት ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል። ወደ ሰማይ አድርገህ በአንድ ዓይንህ ስታያት ብርሃን እንደ መርፌ ቀዳዳ ክብ ሆኖ መታየት አለበት። ግማሽ ጨረቃ ከሆነ፣ ወይ ምንም ካልታየ፣ የአራት ወሩ ቫርኒሽ እዚያ ውስጥ ተጣብቋል።

በምን ላጽዳት ካልክ፣ በምስማር አይደለም፣ በጎሚስታ ሽቦም አይደለም። ናስ ለስላሳ ነው፣ ብረት ካስገባህበት ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከሰፋ ደግሞ ዕድሜ ልክህን ቤንዚን ይበላብሃል። የካርቡሬተር ማጽጃ የሚረጭ ቆርቆሮ እዚሁ ጅማ መርካቶ ከመለዋወጫ ሻጮች ታገኛለህ፣ እሱን ንፋበትና ሩብ ሰዓት አቆየው። ከዚያ የጥርስ ብሩሽ ፀጉር፣ ወይም ከተራ የመብራት ሽቦ ውስጥ የተመዘዘች አንዲት የመዳብ ክር ብታሳልፍባት ትበቃለች። መጨረሻ ላይ በኮምፕሬሰር ንፋ፣ ኮምፕሬሰር ከሌለህ ጎሚስታ ቤት ሂድና እዚያ ይንፉልህ። በካርቡሬተሩ አካል ላይ ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች ሁሉ ንፋ፣ በአንዱ ስትነፋ በሌላው አየሩ መውጣቱን በጣትህ አረጋግጥ። ዓይንህን ጠብቅ፣ ያ ማጽጃ ዓይን ውስጥ ሲገባ አይጣል ነው።

እየገጠምክ ሳለ ሌሎቹንም አብረህ እያቸው፣ አንዴ ተከፍቷልና። ካንዴላውን በ21 የካንዴላ ቁልፍ አውጣ። ጫፉ ቡና የተቆላ መልክ ካለው፣ ያም ቀላ ያለ ቡናማ፣ ጥሩ ነው። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል ወይ ፊልትሮው ተዘግቷል፣ ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፣ ያንተው ነጣ ብሎ ባገኘው አይገርመኝም። የጫፎቹ ርቀት ለዚህ ዓይነት ሞተር ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። ስትመልሰው መጀመሪያ በእጅህ አዙረህ አስገባው፣ ጥርሱ ከተበላ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ነው የሚበላሸው። ከተቀመጠ በኋላ አዲስ ካንዴላ ከሆነ ግማሽ ዙር፣ አሮጌው ከሆነ ከሩብ ዙር አትለፍ።

የአየር ፊልትሮህን ሳላየው አውቀዋለሁ። ዋንዛ የሚላግበት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ፊልትሮ ዱቄት እንደነካው ስፖንጅ ነው የሚሆነው። ስፖንጁን በሞቀ ውሃና በሳሙና እጠበው፣ ጨምቀህ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ነክረህ ጥርግ አድርገህ ጭመቀው። ዘይቱ ነው ብናኙን የሚይዘው፣ ደረቅ ስፖንጅ ብናኝ ያሳልፋል፣ ፋሻን እውነት የሚጨርሰውም ያ ብናኝ ነው። የወረቀቱን ዓይነት ግን አትጠበው፣ በጠንካራ ነገር ላይ ቀስ ብለህ አራግፈው፣ ካልጠራ ይቀየር። በየ50 ሰዓት ሥራ የሚለው የመጽሐፍ ነው፣ አንተ የምትሠራው እንጨት ነውና በየሳምንቱ ክፈተው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጄኔሬተሩን ከመላጊያው አርቀህ፣ ነፋሱ ብናኙን ከሚያመጣበት በተቃራኒ ወገን ማቆም ነው።

ዘይቱ። ይህ ሞተር የዘይት ፊልትሮ የለውም፣ ስለዚህ ዘይቱ ራሱ ነው ቆሻሻውን ተሸክሞ የሚዞረው። የሚይዘው ደግሞ 0.6 ሊትር ብቻ ነው። አስበው፣ ከአንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ትንሽ የሚበልጥ ዘይት ነው ሞተሩን በሙሉ የሚያድነው። አዲስ ሞተር በመጀመሪያው 20 ሰዓት ይቀየራል፣ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ። ያንተው ከርሟልና ሰዓቱን አትቁጠር፣ ዛሬ ቀይረው። ለጅማ አየር 10-ደብልዩ-30 የሚለው ጥሩ ነው። ሞቅ እያለ አፍስሰው፣ ሲሞቅ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። የወጣው ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ አንዴ ቀይረህ አስር ደቂቃ አሠራውና ድጋሚ ቀይር። ልኩን ስታይ ሞተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ይሁን፣ መለኪያውን ጠርገህ ሳታጠብቀው አስገባና አውጣ። አጥብቀህ ካየኸው ከእውነቱ በላይ ያሳይሃል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ዘይት አለኝ እያለ የሚጎዳው። በነገራችን ላይ ዘይት ሲያንስ እሳቱን ቆርጦ ሞተሩን የሚያጠፋ ጠባቂ በብዙዎቹ ላይ አለ። ጓሮህ ዳገት ከሆነና ጄኔሬተሩ ካዘነበለ ዘይት እያለም ያጠፋዋል። ጂሬን ስላልክ ነው ያነሳሁት፣ ሁለት ጣውላ ከሥሩ አድርገህ አስተካክለው።

የቫልቭ ርቀቱን አሁን ባትነካው ይሻላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ማስነሳቱ ካስቸገረ ብቻ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ ፊለር ጌጅ በሚባለው በስስ ብረቶቹ መለኪያ፣ መግቢያው 0.15 መውጫው 0.20 ሚሊሜትር መሆኑን እይ። መለኪያው ከሌለህ በግምት አትሞክር።

አሁን ወደ መላጊያዋ እንምጣ፣ ይሄ የተለየ ችግር ነው፣ ካርቡሬተሩ ቢታጠብም ላይፈታ ይችላል። ሞተር ወደ ከፍታ በወጣ ቁጥር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ጅማ ላይ ስትደርስ ወደ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ 2.5 የሚለውን ጽሑፍ እኔ 2 ብዬ ነው የማነበው፣ ጽሑፉ ራሱ የአፍታ ጉልበቱን እንጂ ቀኑን ሙሉ የሚሰጠውን ላይሆን ይችላልና። መላጊያህ 1.5 ከሆነች ስትሠራ ጄኔሬተሩ ይችላት ነበር። ስትነሳ ነው ጉዱ። ካርቦን (ብሩሽ) የሌለው፣ ከባድ፣ ሲዞር እምም የሚል ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ለአፍታ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል። ያንን ያንተ ጄኔሬተር ከየት ያመጣዋል? ይታፈናል፣ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ መላጊያዋ ሳትዞር እዚያው ቆማ ጥቅልሏ ይሞቃል፣ ደጋግመህ ከሞከርክ ትቃጠላለች። እባክህ እንዳትደጋግም።

የምትችለው እንዲህ ነው። ጄኔሬተሩ ተነስቶ ሦስት አራት ደቂቃ ይሙቅ። ሌላ ምንም አይሰካበት፣ አምፖልም ሆነ ሌላ። መላጊያዋ በቀበቶ የምትዞር ከሆነ ቀበቶውን አላልተህ ሞተሯን ብቻዋን አስነሳት፣ ከተነሳች ካጠፋሃት በኋላ ቀበቶውን መልሰህ ሞክራት። ያለ ቀበቶ ተነስታ በቀበቶ ከታፈነች ልክህን አውቀሃል። ገመዱ ደግሞ አጭርና ወፍራም ይሁን፣ ሃያ ሜትር የምትሆን ቀጭን ማራዘሚያ ራሷ ቮልቴጁን ትበላዋለች። ካልሆነ መብራት ሲጠፋ በእጅ የምትያዘውን መላጊያ፣ ግራይንደሩንና ድሪሉን ተጠቀም፣ ካርቦን ስላላቸው ሲነሱ እንደዚያ አይጎትቱም። ትልቋ መላጊያ መብራት እስኪመጣ ትጠብቅ። ጉልበት ለመጨመር ብሎ የፍጥነቱን ብሎን የሚያዞር አለ፣ እንዳትሰማው። ይህ ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ነው 50 ኸርዝ የሚሰጠው፣ ከዚያ ካስለቀቅከው የቤትህን ቴሌቪዥንና ቻርጀር ነው የምታቃጥለው። ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ሳለም ስልክህን እንኳ አትሰካበት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ ልበልህ። ዝናብ ሲመጣ ጄኔሬተሩን ወደ ወርክሾፑ ውስጥ አስገብተህ እንዳታስነሳ። በር ተከፍቷል፣ መስኮት አለ የሚባለው አያድንም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ራስህን አሞህ ጋደም ትላለህ፣ በዚያው ትቀራለህ። ወርክሾፑ ከቤታችሁ ጓሮ ነው ብለሃል፣ የቤቱ ሰውም እዚያው ነው። ከቤቱ ራቅ አድርገህ፣ ማርሚታው ወደ ሜዳ ዞሮ፣ ከላይ ብቻ ቆርቆሮ አልብሰው፣ ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ። የቤቱን መስመር ለማብራት በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ያለው ገመድ ሠርተህ ግድግዳ ላይ መሰካትም ክልክል ነው። መብራቱ ሲመለስ ጄኔሬተሩን ያቃጥላል፣ ምሰሶ ላይ የወጣ የመብራት ሠራተኛ ካለ ደግሞ ይገድለዋል። ቤቱን ካስፈለገህ መቀያየሪያ ማብሪያ ማጥፊያ ኤሌክትሪሺያን ያስገባልህ።

ሲስተካከልልህ፣ ለሚቀጥለው ክረምት እንዲህ አድርግ። ሥራ ስትጨርስ በማብሪያው አታጥፋው፣ የነዳጁን መዝጊያ ዝጋና በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ጨርሶ ራሱ ይጥፋ፣ ከዚያ ማብሪያውን አጥፋ። የሚፈጀው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ወር ሙሉ የማትጠቀምበት ከሆነ የቀረችውን በታችኛው ብሎን አፍስስ፣ ታንከሩንም ባዶ አድርገው። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ዘይት ጨምርና ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብለህ ስበህ ካንዴላውን መልስ። በመጨረሻ ገመዱን ሲከብድህ እስኪሰማህ ስበህ እዚያው ተወው፣ በዚያ ቦታ ቫልቮቹ ዝግ ስለሆኑ እርጥበት ፒስተኑ ወደሚመላለስበት ቺሊንድሮ አይገባም። ከአፈር ወለል አንስተህ በጣውላ ላይ አስቀምጠው። ቁልፎችህንና የመላጊያ ስለትህንም ዘይት በነካ ጨርቅ ጥረጋቸው፣ የኛ አገር እርጥበት ብረት አይምርም።

ነገ ጠዋት ብርጭቆዋን ይዘህ ጀምር። የወጣውን በብርሃን ፊት ፎቶ አንስተህ፣ የካንዴላውንም ጫፍ ከጎኑ አድርገህ ላክልኝ፣ አይቼ ካርቡሬተሩ ይውረድ አይውረድ እነግርሃለሁ። ያኔም ሰማያዊ ጭስ ካየህ፣ ዘይትም ከጎደለ፣ የፋሻውን ነገር አብረን እናየዋለን።